ለአሮጌ መኪና አዲስ ራዲያተር መምረጥ፦ ከአባይ በረሃ የተማርኩት የሙቀት ሽግግር

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህን ሁሉ ዓመት ቴርሞዳይናሚክስ አስተምረህ መጨረሻህ ራዲያተር ሆነ?» ብሎ ቀልዶብኛል። እኔም ቀልዱን በጸጋ ተቀብያለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ሙቀት ሽግግር በክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን ያህል በመንገድ ዳር ቆሜ ተምሬአለሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን ቮልስ ያላችሁ ብትኖሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእናንተ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የሚባል ጣጣ የለባችሁም፤ ዛሬ በሰው ችግር ስትስቁ ታመሻላችሁ። (ሣቅ)

አባቴ ትተውልን ያለፉት ንብረት አንዲት ላዳ ናት። ሞዴሏ 2101 ነው፤ ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተወልዶ በቶልያቲ ከተማ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው ማለት ነው። ታክሲ ስለነበረች ዛሬም ሰማያዊና ነጭ ናት። እኔንና እኅቶቼን አሳድጋ ያስተማረችው እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመዳብና የናስ ራዲያተሯ ከታችኛው ቋት በኩል ማፍሰስ ጀመረ። እናቴ «አባትህ ያስጠግኑት እንደነበረው አስጠግነው» አሉኝ። እኔ ግን የሙቀት ሽግግር መምህር ነኝና ማስጠገን ኋላ ቀርነት መሰለኝ። ከአንድ የመለዋወጫ መደብር አዲስ የአሉሚኒየም ራዲያተር ገዛሁ፤ ቁመቱና ወርዱ ከአሮጌው ጋር ይገጥማል፣ ክብደቱ ከአሮጌው እጅግ ያንሳል፣ መልኩም ያብረቀርቃል። ሲገጠም ግን ፋኑን ከብቦ የሚይዘው የፕላስቲክ ከለላ ማሰሪያ ቀዳዳዎቹ አልገጥም አሉ። መካኒኩ «ያለሱም ትሄዳለች» አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ምን ያህል እንዳስከፈለችኝ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

በወሩ የዘመድ ሠርግ ነበረብንና እናቴን፣ ሁለቱን እኅቶቼንና አንድ አጎቴን ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሣሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ መውረዱ ሰላም ነበር። ከድልድዩ ወደ ደጀን መውጣት በጀመርን በሩብ ሰዓት ውስጥ ግን የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተግ አለ። ስንቆም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ፣ አሉሚኒየሙ ቴስታታ ራሱ ጠምሞ ነበር። ሠርጉ ላይ የደረስነው በጭነት መኪና ተሳፍረን ነው። እናቴ በመንገዱ ሁሉ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ይህም ከተናገሩኝ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው፦ አዲስ ራዲያተር ይዛ ለምን ፈላች?

በቁጥር እንየው። ባዶዋ ላዳ ወደ 955 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፤ ከአምስት ሰውና ከጓዝ ጋር 1,350 እንበላት። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ሽቅብታ በግምት 1,400 ሜትር ነው። ይህን ክብደት ይህን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ ወደ 18.5 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዝን መንገዱ 40 ደቂቃ ቢወስድ፣ በአማካይ ከ7.5 ኪሎ ዋት በላይ ለሽቅብታው ብቻ ይሄዳል፤ የጎማውን፣ የማርሹንና የአየሩን ሰበቃ ስንጨምር 11 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። በቀደሙት የቤንዚን ሞተሮች ከነዳጁ ጉልበት በግምት ሲሦው ሥራ ይሆናል፣ ሲሦው በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ሲሦው ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ይገባል። ስለዚህ ራዲያተሩ ከ11 እስከ 12 ኪሎ ዋት የሚሆን ሙቀት ያለማቋረጥ ወደ አየር ማስወጣት አለበት። የዚህች መኪና የማቀዝቀዣ ሥርዓት 9.85 ሊትር ይይዛል። ራዲያተሩ ምንም ሙቀት ባያስወጣና የሞተሩን ብረት ብንተወው፣ ያ ውኃ ከ85 ዲግሪ ተነሥቶ እስከ 106 ዲግሪ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ውኃው ሙቀትን ተሸክሞ ያደርሳል እንጂ የሚያከማችበት ቦታ የለውም።

በነገራችን ላይ ይህን ቀድሞ በሚገባ የተረዳው ዊልሄልም ማይባኽ ነው። በ1901 ለወጣው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መርሴዲስ የሠራው የማር እንጀራ መሰል ራዲያተር 8,070 ጥቃቅን ቱቦዎች ነበሩት፤ የእያንዳንዱ ቱቦ መስቀለኛ ገጽ 6 በ6 ሚሊ ሜትር ነበር። በዚያም ምክንያት ያ ትልቅ መኪና በ9 ሊትር ውኃ ብቻ ሊጓዝ ቻለ። የውኃውን መጠን መቀነስ የቻለው ውኃው አየርን የሚያገኝበትን ገጽ አብዝቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተቴ ልምጣ። ሙቀት ከውኃ ወደ አየር ሲሻገር ሦስት በሮችን በተከታታይ ያልፋል፦ ከውኃው ወደ ቱቦው ግድግዳ፣ በግድግዳው ውስጥ፣ ከግድግዳውና ከክንፎቹ ወደ አየር። ሦስት በሮች በተከታታይ ካሉ የሰዉን ፍሰት የሚወስነው ጠባቡ በር ነው። ሰው ሁሉ የሚከራከረው ግን ስለ መካከለኛው በር ነው፤ «መዳብ ይሻላል፣ አሉሚኒየም ይሻላል» እያለ። ንጹሕ መዳብ በሜትር በኬልቪን 400 ዋት ገደማ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየም 235 ገደማ፣ ናስ ደግሞ 110 ወይም 120። በጥንቱ ራዲያተር ቱቦው ናስ፣ ክንፉ መዳብ፣ ማጣበቂያው የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው፤ ያ ቅይጥ ከናሱም ያነሰ ያስተላልፋል። ሆኖም የቱቦው ግድግዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር በብዙ እጥፍ የሳሳ ስለሆነ ከሦስቱ በየትኛውም ቢሠራ ያን ያህል አያግድም። ጠባቡ በር የአየሩ ወገን ነው። የአየር ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታ 0.026 ብቻ ነው፤ ከመዳብ ጋር ማወዳደሩ ራሱ ያሳፍራል። ስለዚህ ራዲያተር ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ብረቱ ምንድር ነው?» ሳይሆን «ምን ያህል አየር፣ በምን ያህል ገጽ ላይ ያልፋል?» ብላችሁ ይሁን።

በእኔ መኪና ያ አየር ከየት ይመጣል? በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ስትሄዱ ከመኪናዋ ፍጥነት ይመጣል። በአባይ ሽቅብታ በሁለተኛ ማርሽ ስትጓዙ ግን በአብዛኛው ከፋኑ ነው። የ2101 ፋን ከውኃ ፓምፑ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ የተሰካ፣ በቺንጊያ የሚዞር ነው። ከለላው ካለ ፋኑ የሚስበው አየር ሁሉ በራዲያተሩ ፊት በሙሉ ያልፋል። ከለላው ከሌለ ፋኑ አየሩን ከጎንና ከኋላ፣ ያውም አስቀድሞ በሞተሩ የሞቀውን እየሳበ ይሽከረከራል፤ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው በፋኑ ክብ ልክ ያለው ብቻ ነው፤ ማዕዘኖቹ ሥራ ፈት ሆነው ይቀራሉ። ሠርጉን ያበላሸው ይኸው ነው። አሉሚኒየሙ ጥፋተኛ አልነበረም። ደጀን ላይ ቆሞ ያየን ሰው ሁሉ ግን «ያ ቀላል ብረት ነው ያፈላት» ብሎ ፈርዶበታል፤ እኔም ለጥቂት ሳምንታት አብሬ ፈርጄበታለሁ።

ለአገራችን የተለየው ነገር ከፍታው ነው። በአዲስ አበባ የከባቢ አየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛው፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚያልፈው አየር ክብደቱ በሩብ ያንሳል። 12 ኪሎ ዋት ለማስወጣት አየሩ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በሰከንድ 0.4 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል። ይህ በባሕር ጠለል አንድ ሦስተኛ ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ በደጀን ከፍታ ግን 0.44 ይደርሳል። «ሞተሩም እኮ በዚያው ልክ ጉልበቱ ያንሳል፣ ስለዚህ ሙቀቱም ያንሳል» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ለሙሉ ጉልበት እውነቱን ነው። ነገር ግን ተራራው ጉልበታችሁ አንሷል ብሎ ዝቅ አይልላችሁም። ያንኑ ጭነት ለማውጣት ማርሽ ትቀንሳላችሁ፣ መኪናዋ ትዘገያለች፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ይቀንሳል።

ሁለተኛው የፍላት ነጥብ ነው። ክዳን በሌለው ድስት ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህን ሽሮ የሠራ ሁሉ ባያውቀውም ያየዋል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ከፍ አድርጎ ፍላቱን ያዘገያል። የላዳዋ ክዳን የሚከፈተው ከውጭው ግፊት በላይ 50 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲደርስ ነው። «ከውጭው በላይ» የሚለውን አስምሩበት። በባሕር ጠለል ይህ ክዳን ንጹሕ ውኃ እስከ 111 ዲግሪ ድረስ እንዳይፈላ ይይዛል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን እስከ 106 ብቻ። አምራቹ ያሰበልን ጥንቃቄ ከኪሳችን አምስት ዲግሪ ተወስዶበታል ማለት ነው። «እንግዲያው 90 ኪሎ ፓስካል የሚይዝ የዘመናዊ መኪና ክዳን ልግጠምበት» የምትሉ ትኖራላችሁ። በስሌት 114 ዲግሪ ታገኛላችሁ፤ በተግባር ግን የሃምሳ ዓመት የቆርቆሮ ብየዳ፣ የውስጥ ማሞቂያው ትንሿ ራዲያተርና ያረጁት የጎማ ቱቦዎች ያንን ግፊት እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ክዳንን ከፍ ማድረግ የሚፈቀደው ሥርዓቱ በሙሉ ሲታደስ ነው፤ ያኔም በጥቂቱ።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ገበያ ስትወጡ «ባለ ሦስት ረድፍ»፣ «ባለ አራት ረድፍ» እያሉ ያማልሏችኋል። ከኋላ ያለው ረድፍ የሚያገኘው አየር በፊተኞቹ ረድፎች ውስጥ አልፎ የሞቀ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተጨማሪ ረድፍ ከቀደመው ያነሰ ይሠራል፤ የአየሩንም መንገድ ያጠባል። ደካማ ፋን ላለው መኪና አራት ረድፍ ከሁለት ረድፍ ሊብስ ይችላል። አሉሚኒየም እውነተኛ ብልጫ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ በምድጃ ውስጥ ስለሚጣበቅ ሰፋ ያሉ ቱቦዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ሁለት ሰፊ ረድፎች የአራት ጠባቦችን ሥራ ይሠራሉ። ክንፎቹ በጣም የተጠጋጉ ራዲያተሮችም በወረቀት ላይ ድንቅ ናቸው። በአቧራማ መንገድ፣ በገለባና በነፍሳት መካከል ግን በአንድ በጋ ይደፈናሉ። እኔ ለአገራችን ገጠር መንገድ ሳሳ ያለውን እመርጣለሁ፤ በውኃ ቧንቧ ከኋላ ወደ ፊት ቀስ ብሎ ይታጠባልና።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሲበላሽ ማን ያድነዋል?» የሚለው ነው። የመዳብና የናስ ራዲያተር ቋቱ ይፈታል፣ ቱቦዎቹ በቀጭን ዘንግ ይጠረጋሉ፣ የተቀደደው ይበየዳል፤ ገላው ካለቀ ቋቶቹንና ማሰሪያዎቹን አስቀርቶ ገላውን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ጫፎቹ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ራዲያተር ቀላልና ርካሽ ነው፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ሲሰነጠቅ ግን መንገድ ላይ የሚያድነው የለም። ሙሉ በሙሉ በአሉሚኒየም የተበየደው በአርጎን መበየድ የሚችል ባለሙያ ይፈልጋል። ከከተማ ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ከማንኛውም ኪሎ ዋት ይበልጣል። የመኪናቸውን ጥንተ መልክ ለመጠበቅ ለሚጨነቁም መልሱ ያው ገላ መለወጥ ነው፤ ኮፈኑ ሲከፈት ከፋብሪካ እንደወጣ ይታያልና።

ስለ ፈሳሹ ባጭሩ። የዚህች መኪና ሞተር ብሎክ ብረት፣ ቴስታታዋ አሉሚኒየም፣ ራዲያተሯ መዳብና ናስ ነው፤ ሦስቱን በቧንቧ ውኃ ማገናኘት ባትሪ መሥራት ነው። ዝገትን የሚከላከል ቅመም የግድ ያስፈልጋል፤ ውኃውም የተጣራ ይሁን። ግማሽ በግማሽ ግላይኮል የፍላት ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ነገር ግን ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከንጹሕ ውኃ ያንሳል፤ ብርድ በማይጠናበት ቦታ ከዚያ ያነሰ መጠን ይበቃል። አንዳንድ አዳዲስ ኩላንቶች ለእርሳስ ብየዳ ስለማይስማሙ ለመዳብ ራዲያተር የሚሆነውን ለይታችሁ ግዙ። አሉሚኒየም ከገጠማችሁ ደግሞ በጎማ ትራስ ላይ ይቀመጥ፤ የሞተሩ የኤሌክትሪክ መሬት ከላላ ጅረቱ በፈሳሹ በኩል እየሄደ ይበላዋል።

ከሁሉ በፊት ግን መግዛት እንዳለባችሁ እርግጠኛ ሁኑ። ራዲያተር ብዙ ጊዜ የሌላውን ጥፋት ይሸከማል፦ የተጣበቀ ቴርሞስታት፣ የላላ ቺንጊያ፣ የተበላ የፓምፕ ምላስ፣ የዘገየ የማቀጣጠያ ጊዜ። ለምርመራ የሚያስፈልገው ቀላል የሙቀት መለኪያ ነው። ሞተሩ ሞቆ ቴርሞስታቱ ከተከፈተ በኋላ የላይኛውንና የታችኛውን የጎማ ቱቦ ለኩ። ውኃው የሚያስረክበው ሙቀት የፍሰቱና የሁለቱ ልዩነት ብዜት ነው። መኪናዋ እየፈላች ልዩነቱ በጣም ትልቅ ከሆነ ውኃው እየዘገየ ነው፤ ፓምፑን ወይም የተደፈኑ ቱቦዎችን ጠርጥሩ። ሁለቱም ትኩስ ሆነው ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ሙቀቱን የሚቀበል አየር የለም፤ ፋኑን፣ ከለላውንና ክንፎቹን ተመልከቱ። በራዲያተሩ ፊት ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተዘግተዋል።

እኔ ይህን ልኬት የወሰድኩት ቴስታታው ተስተካክሎ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሁለቱም ቱቦዎች እጅ የማያስነኩ፣ ልዩነታቸውም እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በፈተና የምጠይቀው ጥያቄ በገዛ ኮፈኔ ሥር መልሱን ይዞ ቆሞ ነበር።

አሮጌውን ራዲያተር አባቴ ደንበኛቸው ወደነበሩት ራዲያተር ሠሪ ወሰድኩት። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና በላይኛው ቋት ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ይቺ የእኔ እጅ ናት። አባትህ ቆመው ያሠሩኝ ነበር» አሉኝ። ከዚያም «ከለላዋስ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ስለ ረድፍ ብዛትና ስለ ሙቀት አስተላላፊነት ልጠይቃቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። ከለላዋን ጋራዡ ጥግ ከተጣለችበት ፈልጌ አመጣሁላቸው። ገላው ተለወጠ፣ ሁለቱ ቋቶች እንዳሉ ቀሩ፣ ከለላዋ ያለምንም ችግር በቀዳዳዋ ገጠመች። ሳላመሰግናቸው ባላልፍም፣ ያ የእርሳስ ጭስ ለሳንባም ለአእምሮም መርዝ ነውና በር ከፍተው እንዲሠሩ ለምኛቸዋለሁ። «ዘንድሮ ገና ነገርከኝ?» ብለው ስቀዋል።

አሉሚኒየሙን አልጣልኩትም። ከለላ የሚያሥር ቅንፍ አሠርቼለት፣ ለላቦራቶሪያችን የሙከራ ጠረጴዛ ሰጥቼዋለሁ፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ከከለላ ጋርና ያለ ከለላ በዚያ ላይ ይለካሉ። በቂ አየር ሲያገኝ በጣም ጥሩ ራዲያተር ነው።

ላዳዋ ባለፈው የፋሲካ በዓል እናቴን ይዛ እንደገና ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዳለች። ከድልድዩ በላይ ባሉት ጠምዛዛ መንገዶች እናቴ መንገዱን ትተው መርፌዋን ብቻ ሲያዩ ነበር። ደጀን ስንደርስ «አሁን ቡና እንጠጣ» አሉ።

ጊዜዬ አልቋል፤ ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ከጋራዥ የመጣችሁ ወንድሞች፣ ማይክሮፎኑ በቀኝ በኩል አለ።